የጨጓራዬ በር አልዘጋ ብሎ

ቃር ያልያዘው ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ይሳቅ። ወላሂ፣ በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ወባ የያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ ታይቶ ይታዘንለታል፣ ጋቢ ይደረብለታል። እግሩ የተሰበረ ሰው ዘመድ ይሰበሰብለታል፣ ሾርባ ይቀርብለታል። ቃር የያዘው ሰው ግን ምኑን ያሳያል? ደረቱን ገልጦ «ይኸውላችሁ እሳቱ» አይል። ዝም ብሎ ዓይኑን ያፈጥጣል፣ ይውጣል፣ ደግሞ ይውጣል፣ በመጨረሻ ያገሳል። አንበሳ ሲያገሳ አገር ይንቀጠቀጣል፤ ልብስ ሰፊ ሲያገሳ ግን ገበያተኛው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል።

እኔ ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጣልያን በገባ በዓመቱ ሥራዬ በዛ። ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስተው መኪና ሊያሳልፉ ነው ተባለና ለድንጋይ ሥራ የሚወጣው ሕዝብ ብዛት አይጣል ነበር። ድንጋዩ ሱሪያቸውን ይቀድዳል፣ እነሱ ለእኔ ያመጣሉ። እኔም ሥራ ተገኘ ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሰው ስንቱን ነገር መጨረሻውን ሳያውቅ ያመሰግናል!

አበላሌ እንዲህ ነበር። ጠዋት ምንም አልቀምስም። ቀትር ላይ ሚስቴ ፋጤ የማሽላ እንጀራ በቀይ ወጥ ታመጣልኛለች። የይፋት በርበሬ ነው፤ ከሩቅ ያስነጥሳል። እሱን ጠርጌ በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ የስፌት መኪናዬ ላይ ድፍት እላለሁ። ሆዴ ሙሉ፣ ወገቤ ጎባጣ፣ አገጬ ደረቴ ላይ፤ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት። የሞላ እንስራ ዘንበል ሲል ምን ይሆናል? ይፈስሳል። ይህን ለመረዳት መማር አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

አንድ ቀን የሰው ኮሌታ እየሰፋሁ ሳለ ከሆዴ አንድ ነገር ተነሣ። ትኩስ ነው፤ ይኮመጥጣል። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ፣ ያለሁበትን አይቶ ተመለሰ። የመጣበትን መንገድ ግን አቃጥሎት ሄደ። «ያልፋል» አልኩ። አላለፈም። እንዲያውም ወደደኝ። በማግስቱ መጣ፣ በሳልስቱ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ መምጣቱን ትቶ እዚያው ሰፈረ።

የአገሬ ሰው በሽታህን ስትነግረው ዝም ማለት አይሆንለትም። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ፣ ጠላ ሻጯ፣ «ለዚህ ፌጦ በሎሚ ነው፤ ጠራርጎ ያወጣልሃል» አሉኝ። ጠጣሁ። እውነታቸውን ነው፣ ጠረገኝ፤ ቃሩን ብቻ ትቶ ሌላውን በሙሉ ጠረገው። እንዲህ ዓይነት እሳት ከመቃብር ወዲያ ነው የሚጠብቀኝ ብዬ ነበር የማስበው። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር አለኝ። ሌላው ተልባ አለኝ፤ ተልባው ደግ ነበር፣ እሱን አልሰድብም። ሦስተኛው የግመል ወተት አለኝና ግማሽ ቀን ተጉዤ አፋሮች ዘንድ ወርጄ ጠጣሁ። ስመለስ የነበረው ሩጫ በእናንተ አይድረስ።

በመጨረሻ ሼህ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ የተከበሩ። ክታብ እንዲጽፉልኝ ነበር የፈለግሁት።

«ስንት እንጀራ ትበላለህ?» አሉኝ።

«እንደ ሰው ነው፣ ያ ሼህ።»

«እንደ የትኛው ሰው?»

ሼህ ፊት መዋሸት አልቻልኩም። «እንደ ሁለቱ» አልኳቸው።

«ስማኝ ልጄ፣ ሆድን ሦስት ቦታ ክፈለው ተብለናል። ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለውሃ፣ ሲሶው ለትንፋሽ። አንተ ትንፋሹን ከቤቱ አስወጥተኸዋል። ሂድና መልሰው።»

ይኸው ነው መድኃኒቱ። ክታብ የለ፣ ታጥቦ የሚጠጣ ቁርአን የለ። አዝኜ ወጣሁ። ምክር በነጻ ሲሰጥ አይጥምም፤ አጠገቡ አንድ መራራ ቅጠል ቢያስሩልኝ ኖሮ በወርቅ እገዛው ነበር።

ከዚያ ረመዳን መጣ። ቀኑን ሙሉ ጾሜ ሆዴ ባዶ ሲሆን ያቃጥለኛል። መግሪብ ሲደርስ ገንፎውን በቅቤና በበርበሬ ስወርድበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ያቃጥለኛል። የባሰው ግን የሌሊቱ ስግደት፣ ተራዊሕ ነው። ሃያ ረከዓ! ግንባሬን መሬት ላይ በደፋሁ ቁጥር የበላሁት ሁሉ ወደ አፌ ይወርዳል። ኢማሙ ሱጁዱን ሲያስረዝመው እኔ ጥርሴን ነክሼ አለቅሳለሁ። አጠገቤ የሚሰግደው ሰውዬ እንባዬን አይቶ ሲወጣ እጄን ያዘና «ማሻአላህ፣ ልብህ እንዴት ለስላሳ ነው!» አለኝ። ልቤ አይደለም ማለት አፈርኩ። በሰፈሩ ሁሉ አላህን ፈሪ ተብዬ ተወራልኝ። በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ስም በጨጓራዬ ነው።

ከጣልያኖቹ ሐኪም ጋር ያገናኘኝ ካፖርት ነው። ሰፈራቸው ከመንገዱ ዳር ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ታምሜ ሄጄ የወባ ኪኒን ሰጥተውኛል። ያን ጊዜ ለቆላ ሰው የነበራቸው መድኃኒት አንድ ነው፤ ራስህንም ብትታመም ኪኒን፣ እግርህን እሾህ ቢወጋህም ኪኒን። ኪኒኑ ወርዶ ሆዴ ውስጥ ያለውን እሳት ሲያገኘው እንደ ወንድማማች ተቃቀፉ። ከዚያ ወዲያ ደጃቸውን አልረገጥኩም ነበር። አሁን ግን ሐኪማቸው፣ ዶቶሬ የሚሉት፣ የካፖርቱ ገበር ተቀዶበት እኔኑ አስጠራኝ። ትከሻውን ስለካ መርፌዬ ወደቀ። ላነሣ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ከዶቶሬው ፊት ለፊት ነበርኩ፣ ከሆዴም የተነሣው አብሮኝ ቀና አለ። አገሳሁ። በዚያ ዘመን ሰው ከዚያ ባነሰ ጥፋት ተገርፏል።

ዶቶሬው ራሰ በራ፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነበር። አየኝና ቱርጁማኑን ጠርቶ ያስጠይቀኝ ጀመር። መቼ ያቃጥልሃል? በልተህ ምን ታደርጋለህ? እንዴት ትተኛለህ? ከሚስቴ በቀር ይህን ያህል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወረቀት አወጣና ከረጢት ሳለ፤ ከከረጢቱ በላይ ቱቦ፣ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ መስመር።

ቱርጁማኑ አገላብጦ የማይናገር ሰው ነው። «ሆድ በር አለው ይላል» አለኝ።

«የማን ሆድ?»

«የሰው ሁሉ። ምግብ ሲገባ ይከፈታል፣ ከገባ በኋላ ይዘጋል። ያንተ በር ግን አይዘጋም ይላል። ስትጎነበስና ስትተኛ የሆድህ ኮምጣጤ በዚያ በኩል ሾልኮ ይወጣል።»

«ታዲያ ይዝጋልኛ!»

ተነጋገሩ። «መቀርቀሪያ የለውም ይላል። ዕድሜ ልክህን ነው። ተጠንቅቀህ ካደርክ ግን አትሞትበትም።»

ዕድሜ ልክ የሚባል ፍርድ በሰው ሲፈረድ ሰምቻለሁ፤ በጨጓራ ሲፈረድ ያን ቀን ሰማሁ።

ቱርጁማኑ ቀጠለ፦ «በርበሬ ተው። ቡና ተው። ቅቤ ተው። ጫት ተው። ትንሽ ትንሽ ብላ። በልተህ ወዲያው አትጎንበስ። በልተህ ወዲያው አትተኛ። የአልጋህን ራስጌ አንድ ስንዝር ከፍ አድርግ።»

«መተንፈስስ ይፈቀድልኛል ወይ በልልኝ።»

«ይህን አልነግረውም» አለ ቱርጁማኑ።

ዶቶሬው ነጭ ዱቄት በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቢካርቦናቶ ይሉታል። ሲብስብኝ ብቻ፣ በትንሹ፣ በውሃ በጥብጬ እንድጠጣ። እዚያው አንድ ጊዜ አስጠጣኝ። ሱብሐነላህ! እሳቱ ላይ ዝናብ እንደዘነበበት ሁሉ ደረቴ ቀዘቀዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ዝምታ ከሆዴ ሰማሁ። ካፖርቱን እጥፍ ድርብ አድርጌ ሰፋሁለት።

ደስታዬ እስከ ቤቴ ደጃፍ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ በርበሬ አልበላም» አልኳት ፋጤን።

«ለምን? ወጤ ምን ሆነ?»

«ወጥሽ ምንም አልሆነ። ዶቶሬው ነው ያለኝ።»

«ቅቤስ?»

«እሱንም።»

«ቡናስ?»

ወደ ጀበናው አየሁ።

«እኔ ምልህ፣ አንተን ያገባሁህ እኔ ነኝ ወይስ ዶቶሬው?»

ፋጤ ሙያዋ በይፋት የታወቀ ነው፤ እናቷ በወጧ ነው የዳረቻት ይባላል። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ጠዋት ማታ ውሃ የመሰለ አልጫ ሥሪ ማለት፣ ፈረሰኛውን ሰው አህያ ንዳ እንደማለት ነው። እሱንም ቻለችው። ያልቻለችው አልጋውን ነው። የጠፍር አልጋችንን ራስጌ ሁለት ድንጋይ አስገብቼ አንድ ስንዝር አነሣሁት። አንድ ስንዝር ለወሬ ነው ትንሽ የሚመስለው። ጠፍሩ ለስላሳ፣ ቆላው ላብ በላብ፤ ጎን ለጎን ተኝተን ስንነቃ እኔ እግሬ ከአልጋው ተርፎ ተንጠልጥሎ፣ እሷ ግርጌው ላይ ተጠቅልላ እንገኛለን። በአራተኛው ቀን ጭራሽ መሬት ላይ ሆና ነቃች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ ከመሬት እንደተቀመጠች፣ «አልጋ ላይ ነው ወይስ ጣርማ በር ላይ ነው የምታስተኛኝ?»

ቢበዛ ትስቃለች ብዬ ነበር። ዕቃዋን ጠቀለለች። እናቷ ካራቆሬ ናቸው፤ እዚያ ሄደች። ከሳምንት በኋላ አማቼ መልእክት ላኩብኝ፦ «ሜዳ ላይ መተኛት የለመደች ልጅ ናት፤ አልጋህን ስታስተካክል እልካታለሁ።» ድንጋዩን ባወጣው ቃሩ ያንቀኛል፤ ባላወጣው ቤቴ ይፈርሳል። ሌሊቱን ተዘቅዝቄ ስንሸራተት፣ ቀኑን ለብቻዬ አልጫ ስቀቅል ከረምኩ። እንደዚያ ያለ ብቸኝነት አይቼ አላውቅም። ያልተቀመመ አልጫ ለብቻህ ስትበላ፣ የምታዝነው ለራስህ ይሁን ለአልጫው አይለይህም።

ሰው ደግሞ ቤትህን ሳትነግረው ያውቀዋል። ቡና ሲጠሩኝ አልሄድም። ሠርግ ቤት ቀይ ወጥ ሲቀርብ «ይቅርብኝ» እላለሁ። ጫት ሲዘረጋ ተነሥቼ እወጣለሁ። በዚያ ላይ ጣልያን ሰፈር እመላለሳለሁ። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ክር ሊዋሱ ቤቴ ገብተው ነጩን ዱቄት በወረቀቱ እንዳለ አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጣልያኑ የሰጠኝ ነው» አልኩ እኔ ቂሉ።

ሴትዮዋ ክሩን ጥለው ወጡ። አልፈርድባቸውም። ከአውሮፕላን የወረደውን መርዝ፣ የላጠውን ገላ፣ የሞተውን ከብት ያየ ሕዝብ ነው፤ ጣልያን የሰጠውን ዱቄት ቢፈራ ምን ይገርማል? በሦስተኛው ቀን ወሬው ሞላ። ሰፊው በርበሬ የተወው ፈረንጅ ሆኖ ነው፤ ሚስቱ የሸሸችው መርዙን ፈርታ ነው፤ ዱቄቱ ምንጭ ውስጥ የሚጨመር ነው። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ጀመር። ያኔ እንኳ ጉዳዩ የት እንደሚደርስ አልገባኝም ነበር።

በገበያ ቀን ሁለት ሰዎች መጡ። ማሽላ የጫነች አህያ ይነዳሉ። «ሱሪ የሚያሰፋ ጌታ አለን፤ መውረድ አይችልም፣ መለኪያህን ይዘህ ውጣልን» አሉኝ። አንደኛው ማሽላውን ገለጥ ሲያደርገው የጠመንጃ አፈሙዝ አየሁ። «ያንንም ዱቄት ያዝ» አለኝ።

ከሮቢት ሜዳ ወደ ገደሉ ሽቅብ ስንወጣ ቃሬ ከእኔ ቀድሞ ይወጣል። ፍርሃት ጨጓራን እንዴት እንደሚያሠራው ያየሁት ያን ቀን ነው። አንድ ትልቅ ግራር ሥር አርበኞቹ ተቀምጠዋል። አለቃቸው ግራዝማች ናቸው፣ ጎፈሬያቸው ትከሻቸውን የነካ፣ ድምፃቸው ወፍራም።

«አንተ ነህ ለጣልያን መርዝ የምትዘራው?»

«ጌታዬ፣ መርዝ አይደለም። የቃር መድኃኒት ነው።»

«የምን?»

«የቃር።»

ሰዎቻቸው ሳቁ። ግራዝማች አልሳቁም። «ቃር የሌለበት ማን አለ? በቃር ፈረንጅ ዘንድ የሄደ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ። በርበሬ ትተሃልስ የተባለው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አያችሁ!» አለ ከኋላዬ አንዱ፤ ከዱቄቱ ይልቅ የበርበሬው ነገር ነው የከበደው።

«እንግዲያው መርዝ ካልሆነ ዋጠው» አሉ ግራዝማች። «እዚሁ፣ ፊቴ።»

ውሃ በቅል መጣ። በጠበጥኩ፤ ጠጣሁ። ሁሉም ከብበው ያዩኛል። አንዱ መቃብሬን የት እንደሚቆፍር በዓይኑ ይፈልጋል መሰለኝ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ከእግሬ ጥፍር የጀመረ ነገር ሽቅብ መጣ። እንደዚያ ያለ ግሳት ከእኔ በፊት አልተገሳም፣ ከእኔም በኋላ አይገሳም። ገደሉ ሦስት ጊዜ መለሰው። አህያዋ ጆሮዋን አቆመች።

«ሞተ?» አለ ከኋላ ያለው።

«ኧረ ደኅና ነኝ» አልኩ። እውነትም ደኅና ነበርኩ፤ ከሽቅቡ ጀምሮ ሲያነደኝ የነበረው ጠፋ።

ግራዝማች ፊቴን ትኩር ብለው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ሰዎቻቸውን ሁሉ «እስቲ ራቅ በሉ» አሏቸው። ወደ ጆሮዬ ዘንበል ሲሉ ያ ወፍራም ድምፅ ቀጠነ።

«ስማ ሰፊው። ጋደም ስትል ከሆድ ተነሥቶ ጉሮሮ ድረስ የሚመጣ አለ አይደል? እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ?»

«አለ፣ ጌታዬ።»

«እሱንም ያስታግሳል?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ፈጠጥ ብሏል፤ ይውጣሉ፣ ደግሞ ይውጣሉ። ወንድሜን በባዕድ አገር ያገኘሁት መሰለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ጌታዬ?»

«ከማይጨው ወዲህ። ቆሎ በሚጥሚጣ ነው የምንበላው፣ ያውም እየሮጥን። በልቼ በደረቴ ተኝቼ ሳነጣጥር ድንገት ይመጣብኛል፤ ዓይኔ እንባ ይሞላል። ስንቱን ጣልያን በቃር እንደሳትኩት አንድ አምላክ ይወቀው። ለሰው እንዳልነግር፣ ቃር ያዘኝ የሚል አርበኛ የት አለ?»

እኔም የዶቶሬውን ሥዕል በእንጨት መሬት ላይ ሳልኩላቸው፤ ከረጢቱን፣ ቱቦውን፣ የማይዘጋውን በር። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ግን ወደ ሕጉ ስደርስ ነገር ተበላሸ።

«በርበሬ መተው ነው፣ ጌታዬ።»

«ምን?»

«ቡናም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጣልያን ያልነጠቀኝን አንተ ልትነጥቀኝ ነው?»

ዱቄቱን በሙሉ ወሰዱት። በየሳምንቱ ገበያ ቀን ሰው እንደሚልኩና ድርሻቸውን እንደምሰጥ ተነግሮኝ ወረድኩ። በሕይወት ተመለስኩ ብዬ ልደሰት ስል ነገሩ ገባኝ። እምቢ ብል በባንዳነት አንገቴ ይሄዳል። እሺ ብል ጣልያን ደርሶበት በአርበኝነት እሰቀላለሁ። ሌላው ለአገሩ ሲሞት ጥይት አቀብሎ፣ ደብዳቤ አድርሶ ነው፤ እኔ የምሞተው ለግሳት ነው።

ዶቶሬው መጀመሪያ ዝም ብሎ ሰጠኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰጠኝ ቅንድቡን አነሣ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ቱርጁማኑ «የወሩን በሳምንት ጨረስከው ይላል። በርበሬ በድብቅ ትበላለህ ይላል» አለኝ።

«ወላሂ አልበላም!»

«እንግዲያው ሆድህን ያያል።»

«በምን ያያል?»

ቱርጁማኑ መልስ ሳይሰጠኝ ዶቶሬው ከሣጥኑ ውስጥ ጥቁር የላስቲክ ቱቦ አወጣ። ርዝመቱን ሳየው ለሁለት ሰው የተሠራ መሰለኝ። «ትውጠዋለህ ይላል። በሆድህ ያለውን በዚህ ያወጣና ያየዋል።»

ያን ጊዜ አንዲት ቃል ይበቃኝ ነበር። «ዱቄቱን የምሰጠው ለሰው ነው» ብል ቱቦው ይቀራል። ግን ገመዱ ይመጣል፤ ለእኔ ብቻም አይደለም፣ ግራር ሥር ለተቀመጡት ሁሉ። ጀግና አይደለሁም። መርፌ ሲወጋኝ እጮሃለሁ። ግን አፌን ከፈትኩ። የዋጥኩት ነገር እባብ ቢሆን እመርጥ ነበር፤ እባብ ቢያንስ ራሱ መንገድ ይፈልጋል። ታነቅሁ፣ አለቀስኩ፣ በሆዴ የመጨረሻ ሸሃዳዬን አልኩ። ዶቶሬው ያወጣውን በሳህን አድርጎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። አየው። አሸተተው። ቀጭን የገብስ ገንፎ ነው። ቀይ የሚባል ነገር የለበትም፤ የቅቤ ነጠብጣብ የለበትም።

ሳህኑን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዘግይቶ ገባኝ። በርበሬ ካልበላሁ፣ ሕጉን ሁሉ ከጠበቅሁ፣ ያ ሁሉ ዱቄት የት ገባ? ንጹሕነቴ ራሱ አጋለጠኝ።

ዶቶሬው ቱርጁማኑን አንድ ነገር እንዲያመጣ ብሎ ወደ ውጭ ላከው። በሩ ሲዘጋ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በተሰባበረ አማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገ፣ «ሌላው... ሰውዬ...» አለኝ። «እሱም... በርበሬ የለም።»

 ቆርቆሮውን ይዤ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ይይዙኛል ብዬ አንድ ወር ሙሉ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቃሬ ይነሣ ነበር። ማንም አልመጣም። ለምን እንዳልተናገረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጣልያኖች ሲመጡ ያደረጉትን አይቻለሁ፤ የእሱን ደግነት አይቼ ሌላውን አልረሳም። ግን ያየሁትን ነው የምናገረው።

ቱቦውን በዋጥኩ ማግስት ፋጤ ከካራቆሬ መጣች። ወደ ገደሉ ተወሰደ የሚለውን ወሬ ሰምታ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ተበጥሶ በእጇ ይዛዋለች። ጉሮሮዬ በቱቦው ቆስሎ መናገር አልችልም።

«ምን አደረጉህ? ተናገር እንጂ! መቱህ?»

በእጄ ጉሮሮዬን አሳየኋት። ምን እንደመሰላት እንጃ፣ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ዘንበል ብዬ ስለነበር ቃሩ መጣ፣ እሱን ግን አልነገርኳትም። ትንሽ ስንረጋጋ አልጋውን አየችው፣ ድንጋዮቹን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ሰፊ አይደለህ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ታዲያ ጭድ የሞላ ትልቅ ትራስ ለራስህ ብቻ ሰፍተህ፣ አልጋውን ለሁለታችን ሜዳ አድርገህ መተው አቃተህ?»

ያ ሁሉ ወር! ለአገሩ ሰው ሁሉ ስሰፋ፣ ለራሴ አንድ ትራስ መስፋት አልመጣልኝም ነበር። ድንጋዮቹን እሷው ራሷ ወደ ደጅ ወረወረቻቸው። ትራሱን ሰፋሁ፤ ከወገቤ ጀምሮ እስከ ራሴ ተዳፋት የሆነ። እስከ ዛሬ የምተኛው በዚያ ዓይነት ነው።

የዶቶሬውን መልእክት ለግራዝማች ላክሁባቸው፣ ከማን እንደሆነ ሳልናገር። ምላሻቸው ከአህያ ነጂው ጋር መጣ፦ «በርበሬ ከምተው ሸዋን ብተው ይቀለኛል በለው።» ሆኖም ሰውየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ጌታው ማታ ማታ ተቀምጠው መተኛት እንደጀመሩ፣ ሚጥሚጣውንም አንዳንዴ እንደሚዘልሉት ነገረኝ። ዶቶሬው ደግሞ ጦርነቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። አንድ ጠዋት ብሄድ ቤቱ ባዶ ነው፤ ዱቄትም የለ፣ ሥዕልም የለ። ከዚያ ወዲያ በትራስና በትዕግሥት ብቻ ነው የቀረሁት። አይድንም፤ ደግ ቀን አለው፣ ክፉ ቀንም አለው። ጥሩውን ቀን እያየሁ ድኛለሁ ብዬ በርበሬ ነካ ካደረግሁ የሦስት ቀን ቅጣት አለብኝ።

ጣልያን ሲወጣ ግራዝማች ወደ ሮቢት ወርደው ድግስ ደገሱ። ሰንጋው ታርዷል፣ ለእስላሙ ለብቻ ታርዷል፤ ወጡ በጋን ነው። እኔን አስጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሰው ሁሉ «ሰፊው ለካ ውስጥ ውስጡን ትልቅ አርበኛ ነበር» እያለ ሲያንሾካሹክ ይሰማኛል። እትዬ አስካለ ሳይቀሩ ከሩቅ እጅ ነሡኝ። በፊታችን ለግራዝማችና ለእኔ ሁለት የቀንድ ዋንጫ ቀረበ። ሌላው ሰው ለእሳቸው ጠጅ፣ ለእኔ ብርዝ መስሎታል፤ በሁለቱም ያለው ግን አጥሚት ነው። እንደ አራስ ሴት!

ተፎከረ፣ ተሸለለ። አንዱ ተነሥቶ የወደቁትን ጓዶች ስም እየጠራ ሲያወድስ ሁሉም ዋንጫውን አነሣ። ግራዝማችም አነሡ። እንባ በጉንጫቸው ወረደ። «ጀግናው ለወንድሞቹ አለቀሰ» አሉና ሴቶቹም አብረው አለቀሱ። ከግራር ሥር ካየኋቸው ሰዎች መካከል ግማሾቹ እዚያ አልነበሩምና እኔንም አባባኝ። ግራዝማች በጋቢያቸው ፊታቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ሰፊው።»

«አቤት፣ ጌታዬ።»

«ያ በሰፌድ የሚያልፈው ዶሮ ነው?»

«ዶሮ ነው፣ ጌታዬ።»

«በቅቤ ነው?»

«በቅቤ ነው።»

አጥሚቱን ጨለጡና ዋንጫውን አስቀመጡት።

«ፊትህን ወደዚያ አዙር» አሉኝ። «አንተን ሳይ ይብስብኛል።»